የእርጅና ቅናሽ

ሰኞ፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሒሳብ መዝጊያ ደረሰ። እስከ ሰኔ ሠላሳ የፋብሪካውን መዝገብ መዝጋት፣ ለለጋሾቹ የዘላቂ ልማት ሪፖርቱን መጻፍ፣ በዚያ ላይ የማስተርስ ጽሑፌን ማስረከብ አለብኝ። ሦስቱም እኔ ራስ ላይ ናቸው። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ባምላኩ «አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ» እያለ ይጭነኛል። ጎበዝ መሆኔ እውነት ነው። አህያም ጎበዝ ናት።

ይህን ደብተር የገዛሁት የሚያብሰለስለኝን የምጥልበት ቦታ ስላጣሁ ነው። ለሰው ሳወራ አያምርብኝም፤ ቶሎ እቆጣለሁ።

ፋብሪካችን ከቆሼ የቆሻሻ ክምር የሚለቀመውን የሃይላንድ ፕላስቲክ ይገዛል፣ ያስለያል፣ ፈጭቶ ይሸጣል። የሚለዩት አርባ ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ነጩን ለብቻ፣ ሰማያዊውን ለብቻ፣ አረንጓዴውን ለብቻ። በኪሎ ይከፈላቸዋል። ከአርባ ሦስቱ አንዷ እቴቴ ናት። እቴቴ የምላት የእናቴን ታላቅ እህት የሺእመቤትን ነው። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ፣ ከጎጃም አምጥታ እዚህ ቀራንዮ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ያስተማረችኝም ቆሼ ላይ እየለቀመች ነው።

ፋብሪካው ውስጥ ግን አንተዋወቅም። ሐሳቡ የሷ ነው። ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጠዋት ነጠላዋን እያጣፋች፣ «እዚያ አላውቅሽም፣ አታውቂኝም። ለቃሚ አክስት አለቻት እንዳይሉሽ» አለችኝ። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም። እሺ ነው ያልኩት።

ዓርብ፣ ግንቦት 29

የክፍያ ቀን። ሴቶቹ መስኮቴ ላይ ተሰልፈው አሻራቸውን እያሳረፉ ይወስዳሉ። እቴቴ ተራዋ ሲደርስ፣

«ወይዘሮ የሺእመቤት፣ እዚህ ጋ ያሳርፉ» አልኳት።

«እሺ እመቤቴ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለችና አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫነች።

ቤት ስገባ እያስመሰለችኝ ትስቃለች። «‹ያሳርፉ› አለችኝ እኮ! ጀርባዬ ላይ ሸንታብኝ ያደገች ልጅ ‹ያሳርፉ› አለችኝ!» እኔም ሳቅሁ። ይሄ የኛ ጨዋታ ነው፤ ከፋብሪካው በር ወዲያ እርስዎ፣ ከቤታችን በር ወዲህ አንቺ። ቤት ውስጥ ማሬ ነው የምትለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ አሁንም ማሬ ነኝ።

ዓይኗ አላማረኝም። ሰማያዊና አረንጓዴ እየተምታታባት ነው፤ ተቆጣጣሪው ሁለቴ መልሶባታል። ሐኪም ጠብታ ካዘዘላት ሁለት ወር አለፈ። እኔ እገዛልሻለሁ ብያት ነበር። በመካከል ጽሑፌን ለማቀርብበት ቀን ኮትና ጉርድ ገዛሁ። ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ተቀዳዶ አይቀርብም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

የጽሑፌ አማካሪ፣ የፍልስፍና መምህሩ ዶክተር መዝገቡ ዘንድ ሄጄ ነበር። ሰውየው ጽሑፍ የሚያነበው ምስር እንደሚለቅም ሰው ነው፤ ጠጠር ሳያገኝ አይነሳም።

የጽሑፌ ርዕስ «ለዘላቂ ልማት የሚሆን የሒሳብ አያያዝ ፍልስፍናዊ መሠረቶች» ይላል። ሰው ሁሉ ርዕሱን ሲሰማ ያዛጋል። ነገሩ ግን ቀላል ነው። ነጋዴ ትርፉን ሲጽፍ ወንዙ የቆሸሸበትን፣ አየሩ የተበላሸበትን፣ ያልተወለደ ልጅ የሚያጣውን ውኃ የትም አይጽፍም። ያልተጻፈ ነገር ደግሞ እንዳልሆነ ይቆጠራል። እኔ የምለው ይጻፍ ነው። ምድርም የሰው ጉልበትም ካፒታል ተብለው መዝገብ ላይ ይግቡ፤ ያን ጊዜ ማንም አላየሁም አይልም።

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ አንድ ምሳሌ አለኝ፤ የምኮራበት። ማሽን ሲያረጅ የእርጅና ቅናሽ እንይዝለታለን። በየዓመቱ ዋጋው እየተቀነሰ፣ የተቀነሰው ያህል እንደ ወጪ ይጻፋል፤ ድርጅቱ ለመተኪያው ከወዲሁ ያስባል። ፕላስቲክ የምትለየዋ ሴትስ? ዓይኗና ወገቧ ሥራው ላይ አይደል የሚያልቀው? ማለቁ የድርጅቱ ወጪ ተብሎ ይጻፍና መጠባበቂያ ይያዝ። ይሄን የጻፍኩት እቴቴን እያየሁ ነው። ስሟን ግን አልጠቀስኩም።

ዶክተር መዝገቡ መነጽሩን አወለቀ።

«ጥሩ። መዝገቡን የሚይዘው ማን ነው?»

«ሒሳብ ሠራተኛው።»

«ከማን ጋር ነው የሚያወራርደው?»

«ከሚመለከተው ሁሉ ጋር» አልኩ።

«ሁሉ የሚባል ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። መስኮትሽ ላይ መጥቶ ሒሳቤን አሳዪኝ የሚልሽን ሰው ስም ንገሪኝ።»

ወረቀቴን መለሰልኝና፣ «ዋጋ መለጠፍ ሁለት ስለት ያለው ነገር ነው፣ ማራኪ። እንዲጠበቅም ይለጠፋል፤ እንዲሸጥም ይለጠፋል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ቁጥሩ አይደለም» አለኝ። በታክሲው ሙሉ መንገድ ተናደድኩ። ለፈላስፋ ይቀለዋል፤ ደመወዙ ወር ጠብቆ ይገባለታል።

እቴቴን ስለ ጽሑፌ ነገርኳት። ለሚመጣው ትውልድ ማሰብ ማለት ነው አልኳት።

«የሚመጣው ትውልድ ማነው?»

«ለምሳሌ የኔ ልጆች።»

«የታሉ?» አለችና እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

አቶ ባምላኩ የፋብሪካውን ቁጥሮች ለጽሑፌ እንድጠቀም የፈቃድ ደብዳቤ መፈረም አለበት። ያለሱ ዩኒቨርሲቲው አያቀርበኝም። ከመፈረሜ በፊት ጽሑፉን ላንበው ብሎ ወሰደው። ዛሬ ጠራኝ። ያነበበው ሦስተኛውን ምዕራፍ ብቻ ነው፤ በቀለም ቢጫ በቢጫ አድርጎታል።

«ይሄ የእርጅና ቅናሽ ያልሽው አሪፍ ነው» አለ። «ንብረት ከሆኑ ያረጃሉ። ካረጁ ዋጋቸው ይቀንሳል። የሃያ አምስት ዓመቷና የሃምሳ አምስት ዓመቷ እኩል የሚከፈላቸው በምን ሒሳብ ነው?»

«በኪሎ እኮ ነው አቶ ባምላኩ። ኪሎ አያረጅም።»

«ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ያልኩት መጠባበቂያ ይያዝላቸው ነው።»

«‹ላቸው› የሚል አላየሁም። የት ነው ያለው? አሳዪኝ።»

ፈለግሁ። እውነቱን ነው። «መጠባበቂያ ይያዝ» ይላል። ማን እንደሚይዝ፣ ለማን እንደሚይዝ አይልም። አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፌ «ለ» የምትለዋን ረስቼ!

ያዘዘኝ ይሄ ነው። ሴቶቹ በዕድሜ በሠንጠረዥ ይመደቡ። ከአርባ አምስት በላይ ያሉት የኪሎ ክፍያቸው በሠላሳ በመቶ ይቀነስ። የአገልግሎት ዘመን ጣሪያ ስልሳ ይሁን፤ ከዚያ በላይ የሆነች ከመዝገብ ትውጣ። ለጋሾቹ አዲስ አሠራር ይወዳሉ አለ። ደብዳቤውን ሠንጠረዡን ሳስረክብ ይፈርማል። የዘላቂነት ክፍል የሚባል አዲስ ክፍልም ይከፈታል፤ «ኃላፊ ያስፈልገዋል» ብሎ አየኝ።

እቴቴ መታወቂያዋ ላይ ሃምሳ አራት ናት። ሠላሳ በመቶ ይቆረጥባታል። ደመወዜ ሲጨምር እኔ አካክስላታለሁ። አስቤበታለሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ዛሬ የሆነውን ማመን አቅቶኛል።

ለዕድሜ ምዝገባው ማስታወቂያ እንዲሆን የሠንጠረዡን ርዕስ አትሜ ሴቶቹ የሚሠሩበት አዳራሽ በር ላይ ለጠፍኩት። ከሴቶቹ መካከል ማንበብ የምትሞክረው ሰዓዳ ናት፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ አራተኛ ክፍል ደርሳ ያቋረጠች፣ አፏ ስለታም። ፊደል በፊደል እየቆጠረች ጮክ ብላ አነበበችው። «የ…እር…ጅና ቅናሽ!»

ቅናሽ የምትለዋ ቃል በአዳራሹ ዞረች።

«ላረጀ ሰው ቅናሽ አለ!»

«ምኑ ላይ? ዘይቱ ላይ ነው?»

«መድኃኒትም ላይ ይሆናላ! ለአረጋውያን እኮ ነው የሚለው!»

እቴቴ መሃላቸው ነበረች። ፊቷ ሲበራ በመስኮቴ አየሁ። ልነሳ ስል አቶ ባምላኩ ከኋላዬ ቆሟል። እየሳቀ ነው፤ ሳቁን እንዳይሰሙት አፉን በመሐረብ ይዟል።

«አታርሚያቸው» አለኝ። «ቅናሽ ነው ያልነው፤ ቅናሽ ነው። ውሸት የለበትም።»

የለበትም። ባለሙያ ያልሆነ ሰው የባለሙያ ቃል ሲሰማ የሚሆን ነው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ራሴን አሞኛል። ኤሌክትሪክ ጠፍቷል። እቴቴ ጎረቤቱን ሁሉ እየዞረች ቅናሽ እንዳላት ነገረች።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

የዕድሜ ምዝገባ። መታወቂያ አያስፈልግም፣ የተናገሩትን ጻፊ፣ አሻራ ያሳርፉበት አለኝ አቶ ባምላኩ። ወንበሬ ኋላ ቆሞ ዋለ።

እነዚህ ሴቶች ዕድሜ ሲጠየቁ አሥር ዓመት የሚሸሽጉ ነበሩ። ዛሬ እንደ ጨረታ ሆነ።

«እኔን ሃምሳ ስምንት በይልኝ!»

«አንቺ በምን ሃምሳ ስምንት! አምና ለደላላው ሠላሳ ስምንት ነኝ አላልሽም?»

«እሱ ለባል ነው፣ ይሄ ለዘይት ነው!»

ሰዓዳ ሳትቀር «ሃምሳ» አለችኝ፤ ሽበት የሌለውን ፀጉሯን በሻሽ ሸፍና። ጻፍኩ። አቶ ባምላኩ ጉሮሮውን ጠረገ።

እቴቴ መጣች።

«ዕድሜዎ ስንት ነው ወይዘሮ የሺእመቤት?»

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ያ የኛ ጨዋታ አለ። ፈገግታዋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነክሳለች።

«ስልሳ ሁለት ይበሉኝ እመቤቴ።»

እስክሪብቶዬ ቆመ። «ደግመው ያስቡበት» አልኳት። ይሄን ብያታለሁ። ይህ እዚህ ይጻፍልኝ፤ ደግመው ያስቡበት ብያታለሁ።

«ምን አስባለሁ? ስልሳ ሁለት ነው እንጂ! ጥርሴን ቆጥረው ይዩት» ብላ አፏን ከፈተች። ሴቶቹ በሳቅ አለቀሱ።

«ጻፊ እንጂ፣ ሰልፉ ረዘመ» አለ ከኋላዬ።

ስልሳ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። አሻራዋን አሳረፈች። ከሁሉም ጥርት ያለው አሻራ የሷ ነው።

እሑድ፣ ሰኔ 15

ዛሬ ልነግራት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ደጃፍ ላይ ልብሴን ታጥባለች፤ ያንን አዲሱን ጉርድ፣ በእጇ፣ በዝግታ።

«ማሬ፣ በቅናሹ ጠብታውን ገዝቼ የሚተርፈኝ ይተርፈኛል። ለምርቃትሽ ቀሚስ አሰፋልሻለሁ፤ ጥበቡን መርጫለሁ» አለችኝ።

«እቴቴ፣ ያ ቅናሽ…»

እጇ ሳሙናው ውስጥ ቆመ። «ምነው? ሊቀር ነው እንዴ?»

«አይ» አልኳት። «አይቀርም።»

ብነግራት ለሰዓዳ ትነግራለች። ሰዓዳ ካወቀች አዳራሹ ሁሉ ያውቃል። አቶ ባምላኩ ከማን እንደወጣ ያውቃል፤ ደብዳቤው ይቀራል፤ ሁለት ዓመት የለፋሁበት ገደል ይገባል። የለፋሁበት ብቻ አይደለም፤ እሷም የለፋችበት ነው። ለሷም ብዬ ነው። ማቅረቤ ካለፈ በኋላ አስተካክለዋለሁ። ኤክሴል ላይ አንድ ሳጥን ናት፤ ስልሳ ሁለቱን አጥፍቶ ሃምሳ አራት መጻፍ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም።

ሰኞ፣ ሰኔ 16

ሠንጠረዡን አስረከብኩ። ደብዳቤውን ፈረመ። ሦስት ኮፒ አደረግሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

አለፍኩ! «እጅግ በጣም ጥሩ» ሰጡኝ።

ከውጭ የመጣው ፈታኝ፣ ሐሳብ ወረቀት ላይ ቀርቶ በሚሞትበት አገር አንድ ፋብሪካ ሥራ ላይ ማዋሉ ብርቅ ነው አለ። የፋብሪካውን ሠንጠረዥ አንድም ጥያቄ አልጠየቀበትም። ቁጥሮቹ በሁለት አሥርዮሽ ነው የቀረቡት፤ ያምራሉ።

ዶክተር መዝገቡ በመጨረሻ እጁን አወጣና ያንኑ ጥያቄውን ጠየቀኝ። ከማን ጋር ነው የሚወራረደው? ተዘጋጅቼበት ነበር። «ድምፅ ከሌላቸው ጋር ነው» አልኩ። «ያልተወለዱት መስኮት ላይ መምጣት አይችሉም። ማንበብ የማይችሉት ቢመጡም አይገባቸውም። ስለዚህ መዝገቡ ራሱ ድምፃቸው ይሆናል፤ ሒሳብ ሠራተኛዋም ጠበቃቸው።» አጨበጨቡልኝ።

ኮሪደሩ ላይ ዶክተር መዝገቡ ጨበጠኝ። «የጠየቅሁሽ እኮ ስም ነበር» አለኝና ሄደ።

እቴቴ ሰፈሩን በእልልታ አቀለጠችው። ጾም ስለሆነ ዶሮው ሐምሌ አምስት፣ ጾሙ ሲፈታ ነው አለች። አቅፋ ስትስመኝ ጉንጬን ስታ ጆሮዬን ሳመችው።

ሰኞ፣ ሰኔ 30

በጀት ዓመቱ ተዘጋ። ፋይሉ ተቆልፏል፤ የይለፍ ቃሉ አሁን አቶ ባምላኩ ጋ ነው። ላስተካክል ሐሙስ ዕለት ከፍቼው ነበር። ለለጋሾቹ የተላከው ኮፒ ላይ ስልሳ ሁለት ስለሚል ሁለቱ አይጣጣሙም ብዬ ዘጋሁት።

ዓርብ፣ ሐምሌ 4

የቅናሹ ወረቀቶች ለሴቶቹ ታደሉ። ከስልሳ በላይ ነን ላሉት ለአሥራ አንዷ ሌላ ዓይነት ነው የታተመው። እቴቴ ተቀብላ ገለበጠችው።

«ምን ይላል እመቤቴ?»

«የእርጅና ቅናሽ ይላል» አልኳት።

ይላል። ርዕሱ ነው። ከርዕሱ በታች «የአገልግሎት ዘመናቸው በማብቃቱ ከሐምሌ 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ከመዝገብ ወጥተዋል» የሚል አለ። ያንን አልጠየቀችኝም።

ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ዶሮው ከቤት ኋላ ታስሮ ሲጮኽ አመሸ። ነገ ከበላን በኋላ ተቀምጬ እነግራታለሁ። በእርግጥ እነግራታለሁ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5

ጾም ተፈታ። እቴቴ ጠዋት ከሰዓዳ ጋር ዘነበወርቅ አካባቢ ካለ ፋርማሲ ሄዳ ነበር። እኔ ከሥራ ስመለስ ዶሮው ደርሷል። አሥራ ሁለቱም ብልት፣ እንቁላሉ፣ ሁሉም በወጉ። ሳህኑን ፊቴ አስቀመጠችና ቆመች።

«ይቅረቡ» አለችኝ።

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

«አንቺስ?»

«እኔ በልቻለሁ። እርስዎ ይብሉ።»

ዛሬ ጨዋታው አምሯታል ብዬ እንጀራውን ቆረስኩ። ፈረሰኛውን በላሁ። ጣፋጭ ነበር። ለመንገር የሚሆን ጊዜ አልነበረም፤ ቶሎ ተኛች።

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

ሰዓዳ መስኮቴ ላይ መጣች። ሰልፍ የለም፣ የክፍያ ቀንም አይደለም። የተናገረችውን እንዳለ እጽፈዋለሁ።

«ቅዳሜ አብሬያት ነበርኩ። ወረቀቷን ከደረቷ አውጥታ ለባለፋርማሲው ሰጠችው፤ ‹ቅናሽ አለኝ› አለችው፣ ኮራ ብላ። ልጁ አነበበና መጀመሪያ ሳቀ። ከዛ ፊቷን ሲያይ ሳቁን ተወው። ‹እማማ፣ ይሄ የቅናሽ አይደለም፤ ከሥራ ያስወጡበት ነው› አላት። ሰው ሞልቷል እኮ፣ ሁሉም ዞሮ ያያል። ‹ማነው የጻፈው?› አለችው። ከታች አነበበላት፤ ‹አዘጋጅ፣ ማራኪ ጥሩነህ› ይላል አላት። ‹ያውቋታል?› ሲላት፣ ምን እንዳለችው ልንገርሽ?»

ፊቴ ያለውን መዝገብ ገለበጥኩ።

«‹አላውቃትም› አለችው። ጠብታውን ትታ ወጣች።» ፊቷን ወደ መስታወቱ አስጠጋች። «እኔ ግን አውቅሻለሁ። አክስቴ የምትኖረው እናንተ ጀርባ ነው። ሦስት ዓመት ዝም ያልኩት ለሷ ብዬ ነው። ደሞ እኔን ሃምሳ ስታደርጊኝ ዓይንሽ የት ነበር? ሃያ ዘጠኝ ነኝ እኮ! አሁን የሃምሳ ዓመት ሴት ኪሎ ነው የሚከፈለኝ!»

እሷ ራሷ ናት ሃምሳ ያለችው። ይሄን ልላት አሰብኩ። ደግነቱ አላልኩትም።

ስለዚህ ቅዳሜ ዶሮውን ስትሠራልኝ ታውቅ ነበር። አሥራ ሁለት ብልት ስታወጣ ታውቅ ነበር። አፈርኩ። ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ አፈርኩ፤ ማንም አላየኝም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

አቶ ባምላኩ ቢሮ ገባሁ።

«ዕድሜዋ በስህተት የተጻፈ አንዲት ሴት አለች። መታወቂያዋ ሃምሳ አራት ነው የሚለው።»

«ማናት?»

«የሺእመቤት የምትባል።»

«ዘመድሽ ናት እንዴ?»

ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም። ብቻ ጠየቀ። አዎ ብዬው ቢሆን ኖሮ ምን ይመጣ ነበር? ምናልባት ምንም።

«አይ፤ አይደለችም» አልኩ።

«ታዲያ ምን አገባሽ? አሻራዋ አለ።» ከዚያ የሹመት ደብዳቤዬን ሰጠኝ። የዘላቂነት ክፍል ኃላፊ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

አልጋዋ ሥር የነበረውን ረጅም የመልቀሚያ ብረት ቆልማማ አወጣች። ፋብሪካው ከተከፈተ ወዲህ ነክታው አታውቅም። ቆሼ ወጣች። ዝናብ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ሰኞ ዕለት ጠብታውን ገዛሁት። ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላት። ሁለት ቀን እንዳለ ቆየ። ዛሬ ወደኔ ገፋ አድርጋ፣ «ይውሰዱት፤ ያለ ቅናሽ ነው የገዙት» አለችኝ። ድምፅዋ ለስላሳ ነው። ብትሰድበኝ እመርጥ ነበር። ብትመታኝም። አንድም ቀን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አልተናገረችኝም፤ ልብሴ ይታጠባል፣ ራቴ ይቀርባል፣ «ደህና አደሩ» ትለኛለች።

«እቴቴ፣ እባክሽ አንቺ በዪኝ» አልኳት።

«ኧረ እንዴት ተደርጎ» አለችኝ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 21

ሪፖርቱ ታትሞ መጣ። ወረቀቱ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ። «በ2017 ዓ.ም. ማንም ሠራተኛ አልተባረረም፤ አሥራ አንድ ሴቶች የአገልግሎት ዘመናቸውን በክብር አጠናቀዋል» ይላል። «በክብር» የምትለዋን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ለነሱ ብዬ ነው።

ሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶ የእቴቴ እጅ ነው። ለጋሾቹ ሲመጡ የተነሳ፤ ሁለት እጆች ሰማያዊ ሃይላንድ ይዘው፣ የግራው አመልካች ጣት ጥፍር የሌለው። ጥፍሩን የነቀለባት የተሰበረ ጠርሙስ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ሆኜ፣ የፈተና መመዝገቢያ ባስፈለገኝ ሳምንት።

ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ቤት አመጣሁት። ደስ ይላታል ብዬ አስቤ ይሆን? ከቆሼ ገብታ እግሯን እየታጠበች ነበር። ተቀብላ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው፣ አፍንጫዋ እስኪነካ አስጠጋችው።

«የማን እጅ ነው?»

«የአንዲት ሠራተኛ» አልኳት።

ብዙ አየችው። «ደህና እጅ ነው» አለች። «ገና ይሠራል።» መለሰችልኝ፤ ጣቷ የነካው ቦታ ላይ ጭቃ ቀርቷል።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ሰዓዳ ሥራ ለቀቀች። ከአሥራ አንዷ አራቱ ቆሼ ላይ እንዳሉ ሰማሁ፤ የሌሎቹን አልጠየቅሁም።

እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ይሄን ጽፌ ሳነበው ሌላ ሰው የጻፈው መሰለኝ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 12

ዩኒቨርሲቲው የተጠረዘውን ጽሑፌን ሰጠኝ። የምስጋናው ገጽ ላይ «እናት ሆና ላሳደገችኝ አክስቴ ለየሺእመቤት» ይላል። ይሄን ያስገባሁት ገና በግንቦት ነው። ከጽሑፉ ሁሉ የእሷ ስም ያለበት ገጽ እሱ ብቻ ሆኖ ቀረ። ላነብላት አስቤ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።

ዓርብ፣ ነሐሴ 16

የፍልሰታ ጾም ተፈታ። አዲሱ የንስሐ አባቷ ጠበል ሊረጩ ቤታችን መጡ። የድሮው አባ ካረፉ ወዲህ እኚህን ገና ማወቋ ነው፤ እኔን አይተውኝ አያውቁም። ወጣት ቄስ ናቸው፣ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። እቴቴ ጎንበስ ብላ መስቀል ተሳለመች። ትናንት ስትለቅም ቆርቆሮ የቆረጣት መዳፏ በጨርቅ ተጠቅልሏል። አባ ማዕዘኑን፣ አልጋውን፣ መደርደሪያውን ረጩ። መጽሐፌም ላይ ጠብ አለበት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ፤ እኔም አንገቴን ደፋሁላቸው።

«ልጅሽ ናት?» አሉ እቴቴን።

ጠበሉ ከግንባሬ ወደ ዓይኔ እየወረደ ነበር፤ አልጠረግሁትም። በልቤ አዎ በዪ፣ አዎ በዪ እላለሁ።

«አይደሉም አባ» አለች እቴቴ። ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ለስላሳ ነው። «የፋብሪካው ሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። እዚህ ነው የሚያርፉት።»

አባ ፈገግ ብለው መስቀሉን ግንባሬ ላይ አኖሩ። «እንዲህ ነው የኔ ልጅ?»

እቴቴ ወለሉን እያየች ቆማለች። ዓይኗ ያኛውን ጨዋታ አልያዘም፤ ምንም አልያዘም።

«አዎ አባ» አልኩ።